ፀረ ድብርት መድኃኒትን ማቆም፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

ለዓመታት የወሰዳችሁትን የድብርት መድኃኒት ለማቆም ስታስቡ ምክር አይጠፋም። ችግሩ ምክሮቹ እርስ በርስ አይገጥሙም። አንዱ "ለሁለት ሳምንት ግማሹን ውሰድ፣ ከዚያ ተወው" ይላል። ሌላው ወራት ይፈጃል ይላል። ወደ ሌላ መድኃኒት ቀይራችሁ ውጡ የሚልም አለ፤ "ከጠቀመህ ለምን ትነካካዋለህ?" የሚልም አይጠፋም። እያንዳንዱ ለተወሰነ ዓይነት ሰው ልክ ነው። ለእናንተ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ግን በቀላሉ አይታወቅም።

እዚህ መንገዶቹን ጎን ለጎን እናያቸዋለን። ጽሑፉ ከሐኪማችሁ ጋር ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው እንጂ ሐኪሙን አይተካም። ዛሬ አንብባችሁ ዛሬ ማታ መጠን እንዳትቀንሱ። ቀድሞውኑ አቁማችሁ እየተሰቃያችሁ ከሆነ ደግሞ "ምልክቶቹ ሲመጡ" ወደሚለው ክፍል በቀጥታ ውረዱ።

ሰውነት ላይ የሚሆነው ምንድን ነው?

አብዛኞቹ የዛሬ ፀረ ድብርት መድኃኒቶች ሴሮቶኒንን፣ ማለትም ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን ንጥረ ነገር፣ መልሶ የሚሰበስበውን ፕሮቲን ይዘጋሉ። ስለዚህ ሴሮቶኒን በነርቭ ሴሎች መካከል ይቆያል፤ ነርቮቹም ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ከዚህ ጋር ይላመዳሉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲጎድል የለመዱት ነገር ይጠፋባቸዋል። ያለ እሱ መኖርን እንደገና እስኪለምዱ ድረስ ሰውየው ይናወጣል። ይህ ሱስ አይደለም። ማንም አምሮት ይዞት ወደ መድኃኒቱ አይሮጥም። ስቃዩ ግን እውነተኛ ነው፣ "ስለምታስበው ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፦ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አስጨናቂ ሕልም፣ ላብ፣ ጉንፋን የመሰለ ድካም፣ ሳይታሰብ የሚመጣ ለቅሶ፣ ንዴት፣ ጭንቀት። ብዙዎች ለመግለጽ የሚቸገሩበትም አለ፤ በተለይ ዓይናቸውን ሲያዞሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካቸው ነዘር የሚያደርግ ስሜት።

ስንት ሰው ላይ ይደርሳል? እዚህ ላይ ቁጥሮቹም ይጣላሉ። በ2019 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ከሚያቆሙት 56 በመቶው ምልክት እንደሚያዩ፣ ከእነሱም ግማሽ የሚጠጉት ከባድ እንዳሉት አስቀመጠ፤ ከመረጃው ከፊሉ የመጣው ግን በፈቃዳቸው መጠይቅ ከሞሉ ሰዎች ነው። በ2024 ላንሴት ሳይካትሪ ላይ የወጣው ሰፊ ትንተና ደግሞ መድኃኒት ካቆሙት 31 በመቶ፣ የማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት) ኪኒን ካቆሙት 17 በመቶ ምልክት አይተዋል ይላል። ከባዱ የሚደርሰው ከ35 ሰው በአንዱ ገደማ ነው። ይህኛው ያጽናናል፣ ነገር ግን ከተካተቱት ጥናቶች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ለዓመታት የወሰደ ሰው ይህን ቁጥር እንዳለ ለራሱ ባይወስድ እመርጣለሁ። አትፍሩ፣ ግን ተዘጋጁ።

አገረሸብኝ ወይስ መድኃኒቱ ስለቀነሰ ነው?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀንሶ ሰውየው ሲያለቅስና እንቅልፍ ሲያጣ "ያው ሕመሙ ተመለሰ፣ ዕድሜ ልኬን ልወስድ ነው" ብሎ ይደመድማል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የመቀነሱ ምልክት ነው።

ለመለየት ሦስት ነገር እዩ። መጀመሪያ ጊዜውን፦ የማቋረጥ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከቀነሳችሁ በኋላ በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ያገረሸ ድብርት ግን ቀስ እያለ በሳምንታትና በወራት ነው የሚገባው። ሁለተኛ፣ ድብርት ይዟችሁ በነበረበት ጊዜ ያልነበረ አዲስ ነገር አለ ወይ? ድብርት ጭንቅላት ውስጥ ነዘር አያደርግም፣ ስትራመዱ መሬቱን አያወዛውዝም። ሦስተኛ፣ ወደ ቀድሞው መጠን ስትመለሱ በጥቂት ቀናት ቀለል ካላችሁ ምክንያቱ መቀነሱ ነበር፤ ድብርት በመድኃኒት ለመሻሻል ሳምንታት ይፈልጋል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው ፀረ ድብርት ነገር ግን ይለያል። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚወስድ ምልክቱም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

ከመምረጣችሁ በፊት የሚታዩ መመዘኛዎች

*መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነት።* በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ቬንላፋክሲን 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል (ጉበት የሚቀይረው ሌላው ቅርጹ 11 ሰዓት ገደማ)፣ ዱሎክሰቲን 12፣ ፓሮክሰቲን 21፣ ሰርትራሊን 26፣ ሲታሎፕራም 35 ሰዓት ገደማ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፍሉኦክሰቲን ግን ቀናት ይፈጃል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀየርበት ንጥረ ነገር ደግሞ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ፈጥኖ የሚወጣ መድኃኒት ሲቆም የባሰ ያስቸግራል። ቬንላፋክሲንና ፓሮክሰቲን በዚህ የታወቁ ናቸው።

*ስንት ጊዜና ስንት መጠን።* ጥቂት ወር የወሰደና አሥር ዓመት የወሰደ ሰው አንድ ዓይነት ዕቅድ ሊሰጣቸው አይገባም።

*ያለፈ ልምዳችሁ።* በእኔ እምነት ይህ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ቀን ረስታችሁ ስትውሉ ራሳችሁን ያዞራችኋል? ከዚህ በፊት ልታቆሙ ሞክራችሁ አልሆነም? እንግዲያው ሰውነታችሁ መልሱን ሰጥቷል፣ ፈጣን መንገድ ለእናንተ አይደለም።

*የምታገኙት የመድኃኒት ዓይነትና ወጪው።* ፈሳሽ አለ? አነስተኛ መጠን ያለው ኪኒን አለ? ለክትትል ቀጠሮ ስንት ጊዜ መክፈል ትችላላችሁ?

*ድብርቱ ራሱ።* ስንት ጊዜ ተመላልሷል? ራስን እስከ ማጥፋት ሐሳብ አድርሷችሁ ያውቃል? እነዚህ ማቆም አለባችሁ ወይ የሚለውን ራሱን ይወስናሉ። ልትፈቱት ያለ ትዳር፣ የሥራ ለውጥ ወይም ሐዘን መሀል ላይ ከሆናችሁም መጀመሪያው ትንሽ ይቆይ።

መንገዶቹ አንድ በአንድ

በአንዴ ማቆም። ወጪ የለውም፣ ዕቅድ አይፈልግም፣ ለዚህም ይመስለኛል ሰው የሚመርጠው። ለረጅም ጊዜ ለወሰደ ሰው ግን አልመክርም። እንዲህ የሚደረገው መድኃኒቱ ራሱ አደገኛ ጉዳት ሲያመጣ ነው፣ ያም በሐኪም ክትትል። መድኃኒት አልቆባችሁ ወይም ጉዞ ላይ ረስታችሁ ቢሆንም በአንዴ ማቆም ነውና ሳያልቅ አስቀድማችሁ ግዙ።

ፈጣን ቅነሳ። በ2 እስከ 4 ሳምንት ግማሽ፣ ከዚያ ዜሮ። ለዓመታት የተለመደው ምክር ይህ ነበር። መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ብቻ ለወሰደ፣ መጠን ሲረሳ ምንም ለማይሰማው ሰው ሊበቃ ይችላል። ለዓመታት ለወሰደ ግን ብዙ ጊዜ በአንዴ ከማቆም ብዙም አይለይም፣ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

እኩል እኩል እየቆረጡ ቀስ ብሎ መውረድ። ለምሳሌ ከ20 ሚሊግራም ወደ 15፣ ወደ 10፣ ወደ 5፣ ወደ ዜሮ፣ በየወሩ። ቀላል ነው፣ በተለመደ ኪኒንና በኪኒን መቁረጫ ይሠራል፣ ርካሽም ነው። ብዙ ሰው እስከ 10 ድረስ ደህና ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን ይያዛል፤ "እዚህ ድረስ መጥቼ በ5 ሚሊግራም ልሸነፍ?" እያለ ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

በተመጣጣኝ መቀነስ። ቆም ብለን ማየት ያለብን ይኼኛውን ነው። በ2019 ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ላንሴት ሳይካትሪ ላይ አንድ ነገር በግልጽ አሳዩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና አእምሮ ላይ ያለው ሥራ እኩል አይሄዱም። ሲታሎፕራምን እንውሰድ። 20 ሚሊግራም የሴሮቶኒን ሰብሳቢዎቹን 80 በመቶ ገደማ ይዘጋል። 9 ሚሊግራም ገደማ 70 በመቶ። 5.4 ሚሊግራም 60 በመቶ። 2.3 ሚሊግራም እንኳ 40 በመቶ ይዘጋል።

አሁን አስሉት። ከ20 ወደ 9 ስትወርዱ ከግማሽ በላይ መድኃኒት ቀነሳችሁ፣ አእምሯችሁ የተሰማው ግን 10 ነጥብ ብቻ ነው። ከ5 ወደ ዜሮ ስትዘሉ ግን ወደ 60 ነጥብ የሚጠጋ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ሰውየው ትንሿን ደረጃ የወረደ መስሎት ከፎቅ ነው የዘለለው። ስለዚህ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ቅነሳው ራሱ ማነስ አለበት፣ ከዜሮ በፊት ያለው የመጨረሻ መጠንም በጣም ትንሽ መሆን ይኖርበታል፤ ከ1 ሚሊግራም በታች ሊሆን ይችላል።

ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋምም በ2022 መመሪያው ወደዚህ መጥቷል። እያንዳንዱ ቅነሳ ካለፈው መጠን ተሰልቶ ይሁን (ለምሳሌ ግማሽ)፣ ዝቅ ሲል ደግሞ እንደ 25 በመቶ ያለ ትንሽ ቅነሳ ይታሰብ ይላል፤ ያለፈው ቅነሳ ያመጣው ምልክት ጠፍቶ ወይም የሚቻል ሆኖ እንጂ ሌላ አይጀመር። በጣም የሚያስቸግራቸው ሰዎች በየወሩ ከያዙት መጠን 10 በመቶ ብቻ ይቀንሳሉ። በዚህ አካሄድ ከ20 ወደ 10 ገደማ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ዓመት ያልፋል፣ ጠቅላላው ከዓመት በላይ ነው። ረጅም ነው፣ አዎ። ሁሉም ሰው ይህን ያህል ዝግታ አያስፈልገውም፤ በ25 በመቶ ጀምሮ ሰውነት የሚለውን ማየት ለብዙዎች ተገቢ መነሻ ይመስለኛል።

ፈተናው ትንንሾቹን መጠኖች ማግኘት ነው። ፈሳሽ መድኃኒት ካለ በሲሪንጅ ይለካል፤ ፍሉኦክሰቲን ለምሳሌ በ5 ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ሆኖ ይዘጋጃል። ሲታሎፕራም ጠብታ ግን ከኪኒኑ ጋር አንድ አይደለም፤ 8 ሚሊግራም ጠብታ ከ10 ሚሊግራም ኪኒን ጋር እኩል ይቆጠራል፣ ስለዚህ ስትቀይሩ ፋርማሲስቱ ያስላላችሁ። በኔዘርላንድስ በየቀኑ የሚወርድ መጠን በትንንሽ ከረጢት ተደርድሮ የሚሰጥበት አሠራር ተለምዷል። እንዲህ ያለው በሌለበት መድኃኒት የሚቀምም ፋርማሲ ሊረዳ ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ኪኒን አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ የዱሎክሰቲን ካፕሱል ውስጥ ያሉት ፍሬዎችም ከሆድ አሲድ የሚከላከል ሽፋን ስላላቸው አይጨፈለቁም።

ቀን እየዘለሉ መውሰድ። ርካሽ ስለሆነ ይሞከራል። ለፍሉኦክሰቲን ሊሠራ ይችላል፤ በሁለት ቀን አንዴ ቢወሰድም ደም ውስጥ ያለው መጠን ብዙም አይወዛወዝም። ለሌሎቹ ግን በየሁለት ቀኑ ማቆምና መጀመር ነው። ተዉት።

ወደ ፍሉኦክሰቲን ቀይሮ መውጣት። ፍሉኦክሰቲን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ራሱን በራሱ ይቀንሳል። ቬንላፋክሲን ወይም ፓሮክሰቲን ላይ ተይዘው በሌላ መንገድ ላልሆነላቸው ሰዎች አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ያዝዛሉ። ጥሩ ጎኑ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ መሆኑ ነው። ነገር ግን መቀየሩ ራሱ አንዳንዱን ይረብሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ መቅበጥበጥ ያመጣል። ቬንላፋክሲንና ዱሎክሰቲን ኖርአድሬናሊን የተባለውን ሌላ የነርቭ መልእክተኛም ስለሚነኩ ፍሉኦክሰቲን ያንን ክፍል አይሸፍንም፣ ሚርታዛፒንና አሚትሪፕቲሊን ለተባሉት ሌሎች ፀረ ድብርቶችም ምትክ አይሆንም። ፍሉኦክሰቲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያቀነባብርበትንም መንገድ ይዘጋል፤ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ይህን መንገድ መተው አለባት። ያለ ሐኪም የሚሞከር አይደለም።

አለማቆም፣ ወይም ዝቅ አድርጎ መቆየት። ይህም ምርጫ ነው፣ ሽንፈት አይደለም። በ2021 የታተመ አንትለር የተባለ የእንግሊዝ ጥናት መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ወስደው ደህና የሆኑ 478 ሰዎችን ተከታተለ። በ52 ሳምንት ውስጥ ከቀጠሉት 39 በመቶ፣ ካቆሙት 56 በመቶ አገረሸባቸው። ሁለት ነገር አነብበታለሁ። ማቆም አደጋውን ይጨምራል፤ ካቆሙት 44 በመቶዎቹ ግን ዓመቱን ሳያገረሽባቸው አልፈዋል። ቅነሳው በሁለት ወር ገደማ የተጠናቀቀ ስለነበር "አገረሸ" ከተባለው ከፊሉ የማቋረጥ ምልክት ሊሆን እንደሚችልም ብዙዎች ይጠረጥራሉ። ድብርቱ ደጋግሞ የተመለሰበት ወይም ሕይወቱን ለአደጋ ያጋለጠው ሰው መቀጠልን በቁም ነገር ቢያስብ ይሻላል።

| መንገድ | ጊዜ | የምልክት ስጋት (ለረጅም ጊዜ ተጠቃሚ) | ወጪና ልፋት | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| በአንዴ ማቆም | ወዲያው | በጣም ከፍተኛ | ምንም | ሐኪም በድንገተኛ ምክንያት ሲያዝ ብቻ |
| ፈጣን ቅነሳ | 2–4 ሳምንት | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ለጥቂት ወራት ብቻ ለወሰደ |
| እኩል እኩል መቁረጥ | ጥቂት ወራት | መጀመሪያ ዝቅተኛ፣ መጨረሻ ላይ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ ጊዜ ለወሰደ፣ ያለፈ ችግር ለሌለበት |
| በተመጣጣኝ መቀነስ | ከወራት እስከ ከዓመት በላይ | ከሁሉም ዝቅተኛ | ከፍ ያለ፤ ፈሳሽ፣ ልኬት፣ ትዕግሥት | ለዓመታት ለወሰደ፣ ሞክሮ ላልሆነለት |
| ወደ ፍሉኦክሰቲን መቀየር | ወራት | መካከለኛ፣ ሲቀየር ሊረብሽ ይችላል | መካከለኛ፤ የቅርብ ክትትል | በቬንላፋክሲን ወይም በፓሮክሰቲን ለተያዘ |
| መቀጠል | ገደብ የለውም | የለም | ቀጣይ የመድኃኒት ወጪ | ድብርቱ ለሚደጋገምበት |

እንደ ሁኔታችሁና እንደ አቅማችሁ

ገንዘብ ካነሰና ፈሳሽ ካልተገኘ ሁለቱን አዋህዱ። ከላይ ያለውን ክፍል በኪኒን እየቆረጣችሁ ውረዱ፣ እዚያ ላይ ትልቅ እርምጃ ብዙ አይጎዳም። ፈሳሹን ወይም የተቀመመውን መድኃኒት ለታችኛው ክፍል ብቻ አቆዩት። ወጪው የሚገባው እዚያ ነው። አንዳንድ ኪኒን በውኃ ተሟሙቶ ሊለካ ይችላል፣ ግን የትኛው እንደሚሆን ፋርማሲስት ሳትጠይቁ አትሞክሩ።

በቂ ገንዘብ ኖሮ ጊዜ የሌላችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ዝግታን በገንዘብ መግዛት አይቻልም። ፈሳሹ ውድ ቢሆንም ሰውነት በራሱ ፍጥነት ነው የሚላመደው።

እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ልትፀንሱ ካሰባችሁ በድንጋጤ አታቁሙ። የመድኃኒቱም ያልታከመ ድብርትም ጉዳት ተመዝኖ ነው የሚወሰነው፣ ሐኪም ጋር ቶሎ ሄዳችሁ ተነጋገሩበት። ባይፖላር (ስሜት ከድብርት ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚዋዥቅበት ሕመም) ያለባችሁ ሰዎችም እንዲሁ፤ የእናንተ ዕቅድ ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ነው።

ምልክቶቹ ሲመጡ

እዚህም ምርጫ አለ። ምልክቱ ቀላል ከሆነ፣ ማለትም እየሠራችሁና እየተኛችሁ ከሆነ፣ ባላችሁበት መጠን ቆዩ። ወደ ታች አትውረዱ፣ ወደ ላይም አትውጡ። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። በአንዳንዶች ላይ ግን ለወራት ይቆያል፣ ይህ ሲሆን "አንተ ብቻ ነህ" የሚላችሁን አትስሙ።

ከባድ ከሆነ ወደ መጨረሻው ደህና የነበራችሁበት መጠን መመለስ ከሁሉም የተሻለው ነው። ቶሎ በተመለሳችሁ መጠን የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል። ካቆማችሁ ሳምንታት ካለፉ ግን ወደ ሙሉው መጠን ዘልላችሁ አትግቡ፤ ዝቅ ካለ እንድትጀምሩ ሐኪም ሊወስን ይችላል።

ለምልክቱ ሌላ መድኃኒት መደረብ ሊያጓጓ ይችላል። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒኖች ለጥቂት ቀን ሊያግዙ ይችላሉ፣ ግን ከእነሱ መካከል ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት ራሳቸው ለማቆም ከሚያስቸግሩ መድኃኒቶች ናቸው። ሴንት ጆንስ ወርት የተባለውን የዕፅ መድኃኒት ከፀረ ድብርት ጋር አትቀላቅሉ፤ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሆኖ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። አልኮልም እንቅልፉንና ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

መድኃኒት ካልሆኑት አማራጮች የንግግር ሕክምና የሚከፈልለት ነው ብዬ አምናለሁ። በ2015 ላንሴት ላይ በወጣ ጥናት 424 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። በአስተውሎት (ሐሳብንና ስሜትን ሳይፈርዱ ልብ ማለት) ላይ የተመሠረተ የቡድን ሕክምና እያገኙ መድኃኒት እንዲቀንሱ ከታገዙት 44 በመቶ፣ መድኃኒት ከቀጠሉት 47 በመቶ በሁለት ዓመት ውስጥ አገረሸባቸው። ይህ ማለት ድጋፍ ያለው ሰው ሲቀንስ ባዶ እጁን አይደለም። ቴራፒስት መክፈል ለማይችል ደግሞ በየቀኑ ከቤት ወጥቶ መራመድ፣ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት፣ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ የቤተሰብ ሰው ትልቅ ነገር ናቸው። ያ ሰው ንዴታችሁና ለቅሷችሁ ከየት እንደመጣ ቀድሞ ካወቀ ጥል አይሆንም።

በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ፦ የወሰዳችሁትን መጠን፤ ከዚያ እንቅልፍ፣ ስሜት፣ የአካል ምልክት፣ እነዚህን እያንዳንዳቸውን ከ10። ቀጠሮ ላይ "መጥፎ ነበር" ከማለት ይልቅ ወረቀቱን ማሳየት ሐኪሙን በሌላ መንገድ ያናግረዋል።

እነዚህ ከታዩ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ለደቂቃ መቀመጥ የሚከለክልና የማይቻል መቅበጥበጥ፣ ቀናት ሙሉ ሳይተኙ ጉልበት ሞልቶ መፍጠን፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ትኩሳት ያለው መንቀጥቀጥና መደናገር። ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሰው ጠርታችሁ አብሯችሁ ይሁን።

ዜሮ ከደረሳችሁ በኋላም ቀጠሮ ይኑራችሁ። የማቋረጥ ምልክት ያለፈ ሲመስላችሁ፣ ድብርት በዝምታ ሊገባ የሚችልበት ጊዜ ገና ነው፤ ቢያንስ ለስድስት ወር በየጊዜው መታየት ጥሩ ነው። ለእናንተ ድብርት የሚጀምረው በምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ምናልባት ስልክ አለማንሳት፣ ምናልባት ከአልጋ ለመውጣት መዘግየት። ወረቀቱን ለዚያ ለምታምኑት ሰው ስጡት፤ ከእናንተ በፊት እሱ ሊያየው ይችላል።